ሁለት የወለጋ ትርጉሞች በዕብራይስጥ ሚዛን

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሽማግሌ ቤት፣ ከቡና በኋላ፣ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው አየሁ። አንደኛው በግዕዝ ፊደል የታተመ፣ ጀርባው በቆዳ የተጠገነ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ የአይሁድን ታሪክ፣ የዕብራይስጥን ቋንቋና ባህል የምታጠናው የሽማግሌው የእኅት ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛው የመጣችው የዕብራይስጥ ሰዋስው ነው። ሽማግሌው ነገሩን በቀጥታ አላነሡትም። ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ዋጋ ካወጉ በኋላ፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይህ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው ትምህርት መድረሻው ወዴት ነው? ቄስ አትሆኚበት፣ ነጋዴ አትሆኚበት» አሏት። ልጅቱም «ኤሱማ፣ የእርስዎን መጽሐፍ በደንብ ለማንበብ ነው» ስትል መለሰች።

መልሱ አክብሮት ያለበት ነበር፤ ሙሉ እውነት ግን አልነበረም። የሽማግሌውን መጽሐፍ ገልጣ ለማንበብ ስትሞክር ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያሳረፈች፣ አንዳንዱንም እየዘለለች ነበር። ኦሮምኛን የተማረችው በላቲን ፊደል ነውና የግዕዙ ፊደል ከዕብራይስጡ ያላነሰ ያስቸግራታል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ጥያቄና ያ መልስ ናቸው። ሽማግሌው የጠየቁት ስለ እንጀራ ነው፤ እኔ ግን ስለ ኂስ አድርጌ ልወስደው እፈልጋለሁ። ዕብራይስጥን በሥርዓት የተማረ ሰው ከወለጋ ምድር የወጡትን ታላላቅ የትርጉም ሥራዎች ሲያነብ፣ ሌላው የማያየው ምን ይታየዋል? (ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

በአገራችን የትርጉም ሥራ የሚመዘነው ባመዛኙ በተቀባዩ ቋንቋ ጣዕም ብቻ ነው። «አማርኛው ይጥማል»፣ «ኦሮምኛው ይፈስሳል» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ብዕራችንን እናስቀምጣለን። ይህ ግማሽ ሚዛን ነው። አንደኛው የሚዛን እጅ ባዶውን ተንጠልጥሎ ሳለ ዕቃው ከበደ ወይም ቀለለ ማለት አይቻልም። በተለይ መጽሐፍ ቅዱስን በተመለከተ፣ የምንጩን ቋንቋ የሚያውቁ ሐያስያን ጥቂቶች በመሆናቸው፣ ሥራው ወይ እንደ ታቦት ሳይነካ ይከበራል፤ ወይም በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ገብቶ ሥነ ጽሑፍነቱ ይረሳል።

የመጀመሪያው ሥራ በ1899 ታትሞ የወጣው የኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ታሪኩ በወለጋ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ልጅ ስሙ ሂካ ነበር። በሕፃንነቱ ተማርኮ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ስዊድን አገር ዮሐኔሉንድ በተባለው የወንጌላውያን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ወደ ወለጋ ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ ስለ ተዘጋበት ኤርትራ ውስጥ እምኩሉ ላይ ተቀምጦ ትርጉሙን ሠራ። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በተባለው ማተሚያ ወጣ። ተርጓሚው ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ በ1931 እስኪያርፍም ድረስ ሥራው በዚያው ነበር። ሂካ ማለት በኦሮምኛ «የሚፈታ»፣ «የሚተረጉም» ማለት ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት የሚሆነውን አላወቁም።

ስለ ሥራው ሲነገር ግን የአስቴር ጋኖን ስም በእግረ መንገድ አንሥቶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ይህን ልማድ አልወደውም። ተርጓሚው ከሕዝቡ የተነጠለው ገና በጨቅላነቱ ነው። የእናቱ ቋንቋ በአፉ ሳይጠነክር የተወሰደ ሰው፣ ስለ እርሻውና ስለ ከብቱ፣ ስለ ሐዘኑና ስለ ሠርጉ የሚነገርበትን ቃል ከየት ያመጣዋል? ከአስቴር ነው። እርስዋም በባርነት ተወስዳ በባሕር ላይ ነፃ የወጣች ነበረች፤ ግን ቋንቋውን ይዛ ነው የመጣችው። ወደ 15,000 የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ጻፈች፤ በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር የንባብ መጽሐፍ አሳተመች። የዚያ ትርጉም ኦሮምኛ ሥጋና ደም ያለው ከሆነ፣ ደሙ ከእርስዋ መዝገበ ቃላት የተቀዳ ነው።

እዚህ ላይ የዕብራይስጥ ተማሪዋ ትምህርት አንድ ያልታሰበ ጎን ያሳያል። በ1881 ኦኔሲሞስ ከስዊድን ወደ አፍሪቃ በተመለሰበት ዓመት፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የተባለው ሰው ያፋ ወደብ ደርሶ ለብዙ መቶ ዓመታት የጸሎትና የመጽሐፍ ብቻ የነበረውን ዕብራይስጥ የቤትና የገበያ ቋንቋ ለማድረግ ተነሣ። መዝገበ ቃላቱን እርሱ ጀመረው፤ እርሱ በ1922 ከሞተ በኋላ ሌሎች ቀጥለውበት በ1959 በ17 ጥራዝ ተፈጸመ። በአንድ ዘመን አንዱ ከመጽሐፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ አስቴርና ኦኔሲሞስ ከአፍ ወደ መጽሐፍ ይሄዳሉ። ልዩነቱ፣ የቤን ይሁዳ ሥራ ዩኒቨርሲቲና መንግሥት ደግፈውት ሲያድግ፣ የአስቴር ስብስብ እንዲህ ያለ ባለቤት አለማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልግባ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ነውና። ዕብራይስጡ «ሩአሕ» የሚለው ቃል በአንድ አፍ ነፋስንም፣ እስትንፋስንም፣ መንፈስንም ያመለክታል። የዕብራይስጥ ባለ ቅኔዎች በዚህ ሦስትነት ይጫወቱበታል፤ ነፋሱ ሲነፍስ እስትንፋሱ ይሰማል። ግዕዙ «መንፈስ» ሲል ከ«ነፍሐ» እና ከ«ነፍሰ» ሠፈር ስለሆነ ጨዋታውን ከሞላ ጎደል ይጠብቃል። ዛሬ በአማርኛ «መንፈስ» ብሎ ነፋስ የሚሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ቃሉ ከሰማይ ወርዶ የማያውቅ ሆኖአል። ኦሮምኛው «ሀፉራ» ይላል። ሀፉራ ገበሬው ዳገት ወጥቶ ሲቆም የሚያወጣው ትንፋሽ ነው። በዚህ አንድ ቃል ላይ፣ በዝምድና ከዕብራይስጥ የራቀው ኩሻዊው ቋንቋ፣ የቅርብ ዘመዱ ከሆነው ከአማርኛ ይልቅ ለምንጩ ቀርቦ ይገኛል። ይህን ያስተዋልሁት በኦሮምኛ ችሎታዬ አይደለም፤ ተማሪዋ «ሩአሕ»ን ስታስረዳን ሽማግሌው «እሱማ ሀፉራ ነው!» ብለው ሲያቋርጡአት ነው።

«ኪዳን» የሚለውንም እንመልከት። ዕብራይስጡ «ብሪት» ሲሆን፣ ኪዳን መግባት በዚያ ቋንቋ ኪዳን «መቁረጥ» ነው፤ የሚታረድ እንስሳ ከጀርባው አለ። ኦሮምኛው «ካኩ» ይላል፤ ብሉይ ኪዳንም «ካኩ ሞፋ» ነው። ካኩ መሐላ ነው። ስለዚህ የነቀምቴ አንባቢ «አሮጌው መሐላ» ብሎ ሲጀምር፣ ከሽምግልና ሸንጎ የሚያውቀው አስፈሪ ነገር፣ ማለትም የማለ ሰው ከመሐላው ማምለጥ እንደማይችል፣ አብሮት ይገባል። ይህ ከዕብራይስጡ ደምና ቢላዋ ጋር አንድ አይደለም፤ ከአማርኛው «ቃል ኪዳን» ይልቅ ግን ይከብዳል።

በሌላ በኩል አስቸጋሪው ቃል «ዋቃ» ነው። ዋቃ በኦሮምኛ ሰማይም ነው፣ ፈጣሪም ነው። ዕብራይስጡ ግን ገና በኦሪት ዘፍጥረት መክፈቻ ፈጣሪና ሰማይን በሁለት ቃል ይለያል፤ አንዱ ሠሪ ሌላው ሥራ ነው። የዚያ ምዕራፍ ክርክር ሁሉ፣ ፀሐይንና ጨረቃን አምላክ ከሚያደርጉ ጎረቤቶች ጋር የሚደረገው ሙግት፣ በዚህ መለየት ላይ የቆመ ነው። ለኦሮምኛ ተርጓሚ እዚህ ቦታ ላይ ቋንቋው ራሱ ይፈትነዋል፤ «ዋቀዮ» የሚለው ቅርጽ ፈጣሪን ለይቶ ለመጥራት የሚረዳውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ትግል ዕብራይስጡን ሳያዩ መገመት ይቻላል፤ መመዘን ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዕብራይስጥ የቀመሰ ሰው ሁሉ የቃል ዘመድ ፍለጋ ይወጣል። በግዕዝና በዕብራይስጥ መካከል ይህ ፍለጋ ቀላል ነው፤ ቤት «ባይት»፣ ሰማይ «ሻማይም»፣ ስም «ሼም»፣ ደም «ዳም»፣ ዕፅ «ዔጽ» ነው። ቀላልነቱ ያሳስታል። «ሕልም ፈታ» የሚለው የአማርኛ ቃላችን፣ ዕብራይስጥ ሕልም መተርጐምን «ፓታር» ስለሚል፣ ወንድሙ የሆነ ይመስላል። አይደለም። የእኛ «ፈታ» ከግዕዙ «ፈትሐ» የወጣ ሲሆን፣ የዕብራይስጥ ዘመዱ መክፈትን የሚያመለክተው «ፓታሕ» ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ድምፅ ከድምፅ የሚዛመደው በሕግ እንጂ በመመሳሰል አለመሆኑን። በየከተማው ከዕብራይስጥ የተመዘዘ የሚመስለውን ቃል ሁሉ እየለቀሙ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ጽሑፎች ያጋጥሙናል። እነዚህን ሊገታ የሚችለው ያው ዕብራይስጥ ነው፤ በሥርዓት ከተማሩት።

ይህን በሥርዓት የሠራ ሰው ከዩኒቨርሲቲው በፊትም ነበረን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል በኢየሩሳሌም ተቀምጠው፣ ዕብራይስጥና ሱርስት ዐረብኛም አጥንተው፣ የግዕዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ አዘጋጁ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዕብራይስጥ ለጌጥ አልገባም፤ ለእያንዳንዱ ሥር ምስክር ሆኖ ይቆማል። ዛሬ ነቀምቴ ላይ ሰዋስው ይዛ የተቀመጠችው ልጅ የባዕድ ትምህርት ጀማሪ ናት የሚል ሰው ይህን መጽሐፍ አልገለጠም።

ሁለተኛው ሥራ የሚያስደንቀኝ ከመጀመሪያው ጋር በግንባር ስለሚገናኝ ነው። የ1899ኙ መጽሐፍ የወንጌላውያንን ሥርዓት ተከትሎ፣ ዕብራይስጡ የሚያውቃቸውን የብሉይ መጻሕፍት ብቻ ይዞአል። መጽሐፈ ሄኖክ በዚያ ውስጥ የለም። ያንኑ የተተወውን መጽሐፍ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐሙት ደግሞ የወለጋ ተወላጅ ናቸው። ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ በ1936 ነጆ ተወለዱ፤ አባታቸው የየመን አይሁዳዊ፣ እናታቸው ኦሮሞ ናቸው። ሐርቫርድ ላይ የቅርብ ምሥራቅ ቋንቋዎችን አጥንተው በ1969 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ በ1973 በዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፈ ብርሃን ላይ የጽሑፍ ምርመራ ሥራ አሳተሙ፤ በ1983 የሄኖክ ትርጉማቸው በታላቁ የጥንታውያን የአይሁድ ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ ወጣ። በ1985 ደግሞ ፕሪንስተን ላይ የሴማዊ ጥናት ተቋም መሠረቱ።

የሄኖክ ትርጉም ለምን ዕብራይስጥና አራማይስጥ ይጠይቃል? መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቀረው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ከወሰዳቸው ቅጂዎች በኋላ፣ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በቁምራን ዋሻ የተገኙትን የአራማይስጥ ቁርጥራጮች ሚሊክ በ1976 ሲያሳትም፣ ከመጽሐፉ አምስት ክፍሎች የአራቱ ምስክር ተገኘ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌዎቹ ክፍል ግን አልተገኘበትም። በዚያ ክፍል ግዕዙ ብቻውን ነው የቆመው። እንግዲህ በዚያው ክፍል የሚመጣውን ታላቅ ስም ልብ እንበል። እንግሊዝኛው «የሰው ልጅ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራውን፣ ግዕዙ በሦስት ያመጣዋል፤ «ወልደ ሰብእ»፣ «ወልደ ብእሲ»፣ «ወልደ እጓለ እመሕያው»። ሦስቱ አንድ ናቸው ወይስ ሦስት? ከኋላቸው የዕብራይስጡ «ቤን አዳም» አለ ወይስ የአራማይስጡ «ባር ኤናሽ»? ሦስተኛውን ብንፈታው «የሕያዋን እናት ልጅ ልጅ» እንደማለት ነው። የሕያዋን እናት ሔዋን ናት። ስምዋ በዕብራይስጥ «ሐዋ» ሲሆን ሕያው ከሚለው ሥር ጋር ተዛምዶ ይተረጐማል። ግዕዙ ስሙን ሳይጠራ ትርጉሙን ብቻ ተሸክሞ በሄኖክ ውስጥ ያልፋል። አማርኛ ተናጋሪ «ሔዋን» ሲል ሕይወትን አይሰማም፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም እንዲሁ።

የኤፍሬም ይስሐቅ ሥራ ብርታት፣ ግዕዙን እንደ ሞተ ዐፅም አለመመርመሩ ነው። ዋና መሠረታቸው ያደረጉት በጣና የክብራን ገዳም የተጠበቀውን የ15ኛው ምእት ዓመት ቅጂ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የአውሮፓ ሊቃውንት በየቤተ መጻሕፍታቸው ያለውን ቅጂ መነሻ ሲያደርጉ፣ እርሳቸው ከአገሩ ያልወጣውን ሽማግሌ ምስክር መስማታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለዚህ ምስክር ያደሩለት ከሚገባው በላይ ይመስለኛል። ጥንታዊ ቅጂ ሁሉ ትክክለኛ ቅጂ አይደለም፤ የክብራኑ ጸሓፊም እንደ ማንኛውም ጸሓፊ እንቅልፍ የጣለው ቀን ነበረው። ብቻውን በሚሄድባቸው ንባቦች ላይ ተርጓሚው አብሮት መሄዱ አንዳንድ ጊዜ አዲስ ብርሃን፣ አንዳንድ ጊዜ አዲስ ስሕተት ይወልዳል። እንግሊዝኛቸውም ቦታ ቦታ ላይ ከግዕዙ ዜማ ይልቅ ለትምህርት ክፍል ማብራሪያ ይቀርባል። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከትርጉሙ ጋር እኩል ዋጋ አላቸው፤ እዚያ ነው ግዕዙን፣ አራማይስጡንና ዕብራይስጡን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የምናያቸው።

ያን ሁሉ ያነበብሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ስጽፍ ያፍረኛል። መጽሐፉ የእኛ፣ ቅጂው ከጣና፣ ተርጓሚው ከነጆ፤ ሐተታው ግን በባዕድ ቋንቋ።

ስለ አይሁድ ታሪክ ጥቂት ልጨምር፤ ተማሪዋ ከቋንቋው ጋር የምታጠናው ነውና። በአገራችን «አይሁድ» ሲባል አንዱ ወደ ክብረ ነገሥት፣ ሌላው ወደ ሐዋርያት ሥራ ይሮጣል። ታሪኩን በሥርዓት የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው፣ የራሳችን ቤተ እስራኤል ኦሪታቸውንም ጸሎታቸውንም በግዕዝ ይዘው የኖሩ፣ ዕብራይስጥ ግን በ20ኛው ምእት ዓመት፣ ከዣክ ፋይትሎቪች ጥረትና አዲስ አበባ ላይ በታምራት አማኑኤል ይመራ ከነበረው ትምህርት ቤት ጋር የመጣላቸው መሆኑን ነው። በ1984 እና በ85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተሻገሩት ሰዎች ኢየሩሳሌም ሲደርሱ የተጸለየበትን ቋንቋ እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። እንግዲህ አይሁዳዊነትና ዕብራይስጥ አንድ አይደሉም። ከሌላው ወገን ሲታይ ደግሞ ግዕዝ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ንብረት አይደለም። ሰንበት፣ ኦሪት፣ ምጽዋት፣ ታቦት የሚሉት ቃሎቻችን ወደ ግዕዝ የገቡት በአይሁድ አራማይስጥ መንገድ መሆኑን፣ በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፖሎትስኪ በ1964 ተከራክሮበታል።

ወደ ነቀምቴው ጠረጴዛ ልመለስ። ተማሪዋን ያስቸገራት የግዕዙ ፊደል ራሱን የቻለ የኂስ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ኦሮምኛን ሲጽፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «በዳ» ተብሎ ሲጻፍ፣ «ዳ» ቢጠብቅ ደጋ ነው፤ ቢላላ ክፉ ነው። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል። በ1991 የተወሰነው የላቲን ፊደል ይህን ችግር ፈትቶታል፤ ነገር ግን ከ1899ኙ መጽሐፍና ከልጅ ልጆቹ መካከል ግድግዳ አቁሞአል። ስለ ግድግዳው ሳስብ ዕብራይስጡ ራሱ ምሳሌ ይሆነኛል። ዕብራይስጥ ለብዙ ዘመን የተጻፈው ያለ አናባቢ ነው። «ደ»፣ «በ»፣ «ረ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያየ ሰው፣ እንደ ቦታው «ዳቫር» ብሎ ነገር፣ «ዴቬር» ብሎ ቸነፈር፣ «ዲቤር» ብሎ ተናገረ ማለት ነበረበት። በኋላ ዘመን በጥብርያዶስ የነበሩ ሊቃውንት ነጥቡን በፊደሉ ሥርና ራስ ላይ አኖሩለት፤ ፊደሉን ግን አልቀየሩትም። የዛሬ ተማሪ ነጥቡን ይዞ ይጀምርና ቆይቶ ያለ ነጥብ ያነባል። የወለጋ ትምህርት ቤቶች የላቲኑን ፊደል ሳይተዉ የአያቶችን መጽሐፍ ማንበቢያ አንድ ወር ቢመድቡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ይህንኑ ለሽማግሌው ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በልጅነታቸው፣ አባታቸው ወንጌላዊ ሳይሆኑ በፊት፣ ከአንድ ቄስ ዘንድ ዳዊት ይደግሙ እንደነበር አጫወቱን። መቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር ረጅም ስለ ነበር ተማሪዎች ይፈሩት ነበር አሉ። ክፍሎቹ የተከፈሉት በስም ነበርና ስሞቹን አልረሱአቸውም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ» እያሉ ሃያ ሁለቱን በዜማ አወረዱት። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ሰዋስውዋን ገልጣ በጣቷ እየተከተለቻቸው ነበር። «ሳን» ሲሉ አቋረጠቻቸው። «ኤሱማ፣ እሱ ሺን ነው የሚባለው።»

«በእኛ ሳን ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ቀጥለውም «ታው» ብለው ጨረሱት።